የበሩ ቀለም

በሐሙሱ መርከብ፣ ከዱቄት ከጋዜጣ ጋር፣
ደረሰልኝ ሣጥኑ፦ ሃያ አራት ማርከር።
የጡረታዬን ሲሶ በልቶብኛል፤ ይብላ፤
ምን ሱስ አለኝ እኔ፣ ከወረቀት ሌላ?

ነፋሱ የስትሮምነስን መስኮት ይደበድባል፤
ካርቶን አነጠፍኩ፤ ስፒሪት ያለው ቀለም ወረቀት ይበሳል።
ባለፈው ገና አልፎ፣ ጨርቄ ላይ ሰፈረ፤
እንደ ሐሜት ሆኖ፣ ቢያጥቡት ቢያሹት ኖረ።

ክዳን ውሸታም ነው። ካርድ የሚሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል።
ከላይ ሰማያዊ ይልና፣ ሲነካ ሐምራዊ ይወጣል።
ስለዚህ አስቀድሜ፣ ዋናው ሥራ ሳይነካ በፊት፣
ሃያ አራት ሳጥን አሰመርኩ፣ ስድስት ስድስት፣ በትርፍ ወረቀት፤
አንድ በአንድ እየሞላሁ፣ በእርሳስ ከጎናቸው
ጻፍኩ የሚመስሉኝን፣ ነገ እንዳልረሳቸው፦

ቁጥር ሦስት፦ ያልበሰለ እንጆሪ። ለማንም አይሆንም።
ቁጥር ስምንት፦ የኤርለንድ አፍንጫ፣ በጥር።
ቁጥር አሥራ አንድ፦ ባሕሩ፣ ዝናብ ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው።
ቁጥር አሥራ ሁለት፦ ባሕሩ፣ ዝናቡ መጥቶ።
ቁጥር አሥራ ሰባት፦ ጥላ ውስጥ ያለ ሣር።
ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፦ የሐኪም ቤት ግድግዳ። ማን ግዢ አለኝ?

የምፈልገው ግን አንድ ነገር ነበር፦
ዌስትሬይ ደሴት ላይ፣ ያባታችን ቤት በር።
እኅቴ ቶራ በዚህ ወር ሰባ ሊሞላት ነው፤
ካርዷ ላይ ያንን በር ልስልላት ብዬ ነው።

ቃል ከተለዋወጥን ዘጠኝ ዓመት ሆነን።
ቤቱን የሸጥኩት እኔ ነኝ።
በገና በገና ካርድ ትልካለች፤ ውስጡ «ቶራ» ይላል፤
ከላይ ባዶ፣ ከታች ባዶ። የኔም ያንኑ ያህላል።

ያኔ ስንጣላ እንኳ፣ የገንዘቡ ነገር አልቆ፣
በበሩ ቀለም ነበር ጩኸታችን የተሰማው ርቆ፦
እኔ «ሰማያዊ ነው» ስል፣ እሷ «አረንጓዴ!
የተወለድሽበትን በር ረሳሽው እንዴ?»

አሥራ አንድን አነሳሁ፤ በብሩሽ ጫፉ፣ ሳልጫነው።
ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላውን ማስከተል፣ ጥበቡ ይኸው ነው፤
ከዘገዩ መስመር ይሠራል፣ ከቸኮሉ ድንበር ይጥሳል።
የማኅተሙን ቀለም ሳላደርቅ ነካሁት፤
የመጀመሪያው ቤት ጣሪያው ግድግዳው ላይ ወረደ።
በሁለተኛው ኤርለንድ ክርኔን ገፋኝ፤
አሥራ አንድ በሙከራው ወረቀት ላይ አመለጠ፣
ከሥሩ ወዳለው ወደ አሥራ ሰባት ፈሰሰ።
ሦስተኛው ቤት ሆነ።
በሩ ሰማያዊ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ትቆጣ።

ፖስታውን ያሸገው ኤርለንድ፣ የልጅ ልጄ ነው፤
የሙጫ ጣዕም ይወዳል፤ ስድስት ዓመቱ ነው።
መርከቧ ጮኻ ስትወጣ፣ ካርዱን ወንበር ሥር አገኘሁት።
አፌን በእጄ ያዝኩት።
እንግዲህ የሄደላት ለሰባ ዓመቷ
ያልበሰለ እንጆሪ፣ የልጅ አፍንጫ፣ የሐኪም ቤት ግድግዳ።

በአሥረኛው ቀን ያው ወረቀት ታጥፎ ተመለሰ።
እርሳስ ዞሮበታል፤ ሳጥን ላይ ግን አይደለም፤
አሥራ አንድ አሥራ ሰባት ላይ በፈሰሰበት፣
ጥፍር በምታህል ስፍራ።
«እዚህ ጋ። እኔ ልጅ ሳለሁ አረንጓዴ ነበር፤
አንቺ ስትወለጂ አባባ ሰማያዊ ደረበበት።
እጀታው ዙሪያ ተልጦ ሁለቱም ይታይ ነበር፤
አንቺ እጀታው አይደርስሽም።»

አሥራ ዘጠኝን ሰርዛ «የአንቺ ኩሽና» ብላለች።
ስሟን አልጻፈችም። ከግርጌው አንድ ጥያቄ አለ፣
በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው፦
«እነዚህ ማርከሮች ስንት ወጡ?»

ልመልስላት አሥራ አንድን አነሳሁ፤
ክዳኑን ሳልገጥመው ከርሜ ደርቋል።
በእርሳስ ይሁን።
ገንዘብ አይበረክትብሽም ትለኝ ነበር ድሮ፤
ግማሹን ብቻ ነው የምነግራት።